የሰው አገር አጥር እንዴት ይታጠባል?

(ከስቶክሆልም)

በአገራችን አጥር ይታጠራል፣ ይጠገናል፣ ቀን ሲከፋም ይዘለላል እንጂ ይታጠባል ሲባል የሰማ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። እኔ ባደግሁበት በጉለሌ ሰፈር አጥር ማለት የባሕር ዛፍ አጣና ነው። በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ምስጥ የበላው ይነቀልና በአዲስ ይተካል፤ አሮጌው ለማገዶ ይሆናል። ደህና ገቢ ያለው ሰው ቆርቆሮ ያጥራል። ከዚያም ከፍ ያለው ግንብ ገንብቶ በአናቱ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ይተክላል። ወደ ገጠር ወጣ ሲሉ ደግሞ ቅንጭቡ፣ ቁልቋሉና የእሾህ አጥሩ አለ። አጣቢው ግን ለሁሉም አንድ ነው፤ እሱም የሐምሌ ዝናብ ነው።

ታዲያ እዚህ ስቶክሆልም መጥቼ ልጆቼን ያሳደግሁት አጥር በማጠብ ነው ብል የማያውቀኝ ሰው ቀልድ ይመስለዋል። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ሥራዬን በስልክ የነገርኳት ቀን ዝም ብላ ቆየችና «አንተ ልጅ፣ ደህና ነህ? አጥር ምን በልቶ ነው የሚታጠበው?» አለችኝ። ጎረቤት ሲጠይቃት ግን «ልጄ የእንጨት ሥራ ላይ ነው» ትል እንደነበር ኋላ ሰማሁ።

ይህን የምጽፈው ለሳቅ ብቻ አይደለም። ሁለት ነገር አስጨንቆኝ ነው። አንደኛው፣ በየዓመቱ በረዶው ሲቀልጥ ገና የመጡ ልጆቻችን ማንም ሳያስተምራቸው የግፊት ማሽን ተሸክመው በየቪላው አጥር ሥር ይታያሉ፤ አጥሩም ይበላሻል፣ እነሱም ይጎዳሉ። ሁለተኛው፣ አጥር ያለው ቤት የገዛው የእኛ ሰው ወይ በአንድ ቅዳሜ አጥሩን በማሽን ገፎ ይጨርሰዋል፣ ወይ ደግሞ እስኪወድቅ ድረስ ዞር ብሎ አያየውም። ከሠላሳ ዓመት በላይ በዚህ ሥራ የኖረ ሰው የሚያውቀውን ይዞ መቅበር ነውር ስለሆነ እነሆ ልናገር።

* እንዴት ገባሁበት *

አገር ቤት መምህር ነበርኩ። ስዊድን የገባሁት ግን ኢኮኖሚዋ በተንኮታኮተበት ሰዓት ነው። ማዕከላዊ ባንኩ ወለዱን 500 በመቶ ያደረሰው በመስከረም 1992 እ.ኤ.አ. ነበር። የአገሩ ሰው ራሱ ከሥራ ሲባረር የስደተኛን ዲፕሎማ ማን ገልጦ ያያል? እንደ ብዙዎቻችሁ የቢሮ ወለል አጠብኩ፣ ጋዜጣ አደልኩ፣ በመጨረሻም ኤንሼዴ ውስጥ ቤት የሚቀባ አንድ ሽማግሌ ስዊድናዊ ረዳት ይፈልጋል ተብሎ ሄድኩ።

ኤንሼዴ ከ1908 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራ የአትክልት ከተማ ነው። ቤቶቹ ትናንሽ፣ አጥሮቹም እስከ ወገብ የሚደርሱ ናቸው። አንዱ ነጭ ጣውላ፣ አንዱ ብረት፣ አንዱ ቁጥቋጦ። ሽማግሌው ባልዲና ብሩሽ ይሰጠኛል ብዬ ስጠብቅ እጄን ይዞ አጥሩ ላይ አስቀመጠውና ዳስሰው አለኝ። ሻካራ ነው ለስላሳ? ቀለሙ እጅህ ላይ ይቀራል ወይስ አይቀርም? ሥሩ ደረቅ ነው ወይስ ርጥብ? ይህን ሳትመልስ ባልዲ አታንሳ ማለቱ ነበር። የዚያን ዕለት ሙሉ ቀን አንዲት ጠብታ ውሃ ሳንነካ አጥር ስንዳብስ ዋልን። እብድ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተማርኩት ሁሉ ግን የዚያች ቀን ትምህርት ዝርዝር ነው።

* ጠላቱ ማን ነው? *

የአገር ቤት አጥር ጠላት ምስጥ ነው። የስቶክሆልም አጥር ጠላት እርጥበት ነው። ከመስከረም እስከ መጋቢት አንድ ጊዜ የረጠበ እንጨት የሚያደርቀው ፀሐይ አያገኝም። በተለይ ወደ ሰሜን የዞረው ፊት አብዛኛውን ጊዜ ጥላ ነው። በዚህ ላይ አረንጓዴ ነገር ይወጣበታል፤ በትምህርት ቤት ዋቅላሚ ይሉት የነበረው ነው። ይህ አረንጓዴ ራሱ እንጨቱን አይበላውም። ነገር ግን እንደ ስፖንጅ ውሃ ይዞ ያቆያል፤ እርጥበት ሲቆይ መበስበስ ይመጣል። ውሃ በረዶ ሲሆን ደግሞ ወደ 9 በመቶ ገደማ ስለሚያብጥ የገባበትን ስንጥቅ ሁሉ እየከፈተ ይሄዳል፤ ድንጋይም ቢሆን አይምርም።

እንግዲህ አጥር የሚታጠበው ለጌጥ አይደለም፤ እንዲደርቅ ነው። ይህን ያወቀ ሰው መቼ ማጠብ እንዳለበት ራሱ ይመልሰዋል። በሚያዝያ መጀመሪያ ፀሐይ ታየች ብሎ የሚጣደፍ ሰው ያጠበው ውሃ ሌሊት በረዶ ሆኖበት ያድራል። ከግንቦት አጋማሽ እስከ ነሐሴ ያለው ጊዜ ጥሩ ነው፤ ዝናብ የሌለበት፣ ደመናው ፀሐዩን ጋረድ ያደረገበት ቀን ይመረጣል። በጠራራ ፀሐይ ከታጠበ ሳሙናው ሳይለቀለቅ ደርቆ ዥንጉርጉር ያደርገዋል። በሰኔ ደግሞ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ ስለሆነ የሚያስቸኩል ነገር የለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው ነገሩ።

* እንደ ዓይነቱ *

በዘይት ቀለም የተቀባ ጣውላ፦ ይህ በቪላ ሰፈር በብዛት የምታገኙት ነው። መድኃኒቱ ስዊድኖች «ሶፓ» የሚሉት ለስላሳ ሳሙና ነው፤ ከጥድ ወይም ከተልባ ዘይት ይሠራል። አዎ፣ የእኛው ተልባ! ቀለሙም በድሮው ሥርዓት ከተልባ ዘይት የተሠራ ስለሆነ ያገሩን ሠርዶ ባገሩ በሬ ማለት ይኸው ነው። 1 ዴሲሊትር ያህል ሶፓ በ10 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ይበቃል። መጀመሪያ በደረቅ ብሩሽ ሸረሪት ድሩንና አቧራውን ማራገፍ፣ ከዚያ ከታች ወደ ላይ በሳሙና ማሸት፣ በመጨረሻ ከላይ ወደ ታች በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ። ለምን ከታች ወደ ላይ? ከላይ ከጀመርክ ቆሻሻው ውሃ ደረቁ ጣውላ ላይ እየተንጠባጠበ መስመር ይሠራል፤ ያ መስመር ኋላ በቀላሉ አይለቅም። ብሩሹ እንደ እንጨቱ ጭረት ይሂድ እንጂ አግድም አይሂድበት። ኃይለኛ ሶዳና አሞኒያ ደግሞ የተልባ ዘይቱን ራሱን ወደ ሳሙና ስለሚለውጡት ቀለሙን ይልጡታል። ቀለም ለመቀባት ካላሰባችሁ አትንኳቸው።

የፋሉን ቀይ ቀለም፦ ያ በስዊድን ገጠር ሁሉ የምታዩት ደብዛዛ ቀይ ከፋሉን የመዳብ ማዕድን ትርፍ የሚገኝ ነው። ማዕድኑ በ1992 እ.ኤ.አ. ሥራ አቁሟል፤ በ2001 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ቀለሙ ግን ዛሬም ይሸጣል። ቀለሙ በውሃ፣ በዱቄትና በጥቂት የተልባ ዘይት እንደ ገንፎ ተቀቅሎ ይሠራል። እንደ ዘይት ቀለም እንጨቱ ላይ ቆዳ አይሠራም፤ እንጨቱ ውስጥ ይገባል፣ ሲያረጅም እንደ ዱቄት ይራገፋል። ስለዚህ በእጅ ሲዳሰስ መዳፍ ካቀላ ይኼ ነው ማለት ነው። እሱን በውሃ ግፊት ማጠብ ቀለሙን አጥቦ ማውረድ ነው። በደረቅ ጠንካራ ብሩሽ ተጠርጎ፣ ልብሱ ካነሰው እንደገና ይቀባል፤ አለቀ።

በመድኃኒት የተነከረ እንጨት፦ አዲስ ሲሆን አረንጓዴ ይላል፤ አረንጓዴው መዳብ ነው። በድሮ ጊዜ ከመዳቡ ጋር አርሰኒክና ክሮም ይነከርበት ነበር። በአውሮፓ ኅብረት ይህ ዓይነቱ እንጨት ለመኖሪያ ቤት እንዳይውል የተከለከለው ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት የታጠረ አጥር ያለው ሰው በሶፓና በለስላሳ ብሩሽ ያጥበው እንጂ በአሸዋ ወረቀት አይፈግፍገው፤ አቧራው መርዝ ነው። ወድቆ ከተነሣም እንደ አጣናችን ለማገዶ አይሆንም! አመዱም ጭሱም መርዝ ነው። ኮሚዩኑ አደገኛ ቆሻሻ በሚቀበልበት ቦታ ማስረከብ ነው።

ብረት፦ በሳሙናና በብሩሽ ይታጠባል፣ በዚያው ቀን በጨርቅ ይደርቃል። ዝገት የጀመረው ቦታ ተፍቆ የዝገት መከላከያ ቀለም ይቀባል። ነገር ግን አሮጌ የብረት አጥር ሲላጥ ከሥሩ ብርቱካን የመሰለ ቀይ ቀለም ካያችሁ ቁሙ። በድሮ ዘመን ለዝገት መከላከያ የሚቀባው የእርሳስ ቀለም ሊሆን ይችላል። እርሳስ የሕፃን ልጅ አእምሮ ይጎዳል። በደረቁ አይፈቀፈቅም፣ በእሳት አይላጥም። የሚነሣው ሁሉ እየረጠበ ተነሥቶ፣ መሬቱ ላይ ፕላስቲክ ተነጥፎ፣ አፍንጫ በደንበኛ ማጣሪያ ተሸፍኖ ነው፤ ካልሆነም ለባለሙያ መተው ነው።

ዚንክ የተነከረ የሽቦ አጥር፦ ሳሙናና ውሃ ይበቃዋል። የእኛ እናቶች ለሁሉም ነገር የሚያወጡት አቼቶና በረኪና እዚህ ላይ ጠላት ናቸው፤ ዚንኩን ይበሉታል። ዚንኩ ከሄደ ዝገቱ ደጅ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

የድንጋይና የጡብ ግንብ፦ ለስላሳ ብሩሽና ውሃ። ኖራ ያለበት ግንብ አቼቶ ካፈሰሱበት ኖራው ይሟሟል። ከጡቡ መካከል ያለውን መያዣ በግፊት ውሃ ካስወጡት ደግሞ በክረምት ውሃው እዚያ ገብቶ በረዶ ይሆንና በጸደይ ጡቡን መሬት ላይ ታገኙታላችሁ።

የፕላስቲክ አጥር፦ ስፖንጅና ሳሙና። በብርድ ጊዜ ስለሚሰባበር በከባድ ቅዝቃዜ አይነካም። ቤንዚንና ቀለም ማቅጠኛ ያደበዝዙታል።

ቁጥቋጦ፦ አይታጠብም፤ ሥሩ ላይ የተጠራቀመው ቅጠል ይጠረጋል። በጸደይ ግን መቀስ ከመንሣታችሁ በፊት የወፍ ጎጆ እንዳለ ተመልከቱ።

በመጨረሻ አንድ የማይታጠብ የእንጨት አጥር ልንገራችሁ። «ዬርደስጎርድ» ይሉታል። የተፈለጠ የጥድ እንጨት አጋድመው፣ ሁለት ሁለት ቋሚ እየተከሉ፣ በተጠመዘዘ ቀንበጥ ያስሩታል፤ አንድም ምስማር የለው። ከ1891 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክፍት በሆነው በስካንሰን ሙዚየም ታገኙታላችሁ። ሲያረጅ እንደ ሰው ጠጉር ይሸብታል፤ ሽበቱ ክብሩ ነው። ከእግሩ ሥር አፈርና ሣር ማራቅ፣ የበሰበሰውን ቋሚ መተካት፣ ሌላ ምንም የለም። ልጆቼን ይዤ ፊቱ በቆምኩ ቁጥር የጉለሌው አጣና ትዝ ይለኛል። እናቴ ብታየው «አላልኩህም?» ትለኝ ነበር።

* ስለ ማሽኑ *

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። ስዊድኖች «ሆግትሪክስትቬት» የሚሉት የውሃ ግፊት ማሽን ዛሬ በየሱቁ አለ። ፈጣን ነው፣ ያስደስታልም፤ አረንጓዴው እንደ ወተት እየፈሰሰ ሲወርድ ሲያዩት ልብ ይሞላል። ግን አስቡት፦ የመኪና ጎማ ውስጥ ያለው ግፊት 2 ተኩል ባር ገደማ ነው፤ የቤት ማሽን ደግሞ ከ100 ባር በላይ ይተፋል። ይህ ኃይል የእንጨቱን ለስላሳ ክፍል ፈልፍሎ ያወጣል፤ አጥሩ ሲደርቅ ጠጉር ያወጣል። ውሃውም በስንጥቁ ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባል። ያን ቀን ያማረው አጥር ላዩ ሸካራ ስለሆነ በሚቀጥለው ዓመት አረንጓዴው ብሶበት ይመጣል። የግድ ማሽን ካስፈለገ ሰፊ አፍንጫ፣ ዝቅተኛ ግፊት፣ ከግማሽ ሜትር የማያንስ ርቀት፣ እንደ እንጨቱ ጭረት።

አጥሩስ ይሁን፤ ጣውላ ይተካል። ሰውስ? ከጥቂት ዓመታት በፊት በሱዳንና በሊቢያ አድርጎ፣ ባሕሩን ተሻግሮ የመጣ አንድ ወጣት ወገናችን በስቫርት፣ ማለትም ያለ ወረቀትና ያለ ግብር፣ ለአጥር ማጠብ ተቀጠረ። አሠሪው ማን እንደሆነ እዚህ አልናገርም። ጓንት የለ፣ መነጽር የለ፣ ቦት ጫማ የለ። የማሽኑ ጫፍ ተንሸራቶ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል መታው። የወጣው ደም ጥቂት፣ ቀዳዳውም የመርፌ ጫፍ ታህል ነበርና በጨርቅ ጠቅልሎ ሥራውን ቀጠለ። ማታ እጁ እስከ ክርኑ አበጠ። ሌሊት ጓደኞቹ ደውለውልኝ ድንገተኛ ክፍል ስናደርሰው ወዲያው ቀዶ ጥገና ገባ። እጁ ተርፏል፤ ሁለት ጣቶቹ ግን ዛሬም አይታጠፉም። አሠሪው ስልኩን ዘጋ፤ ሲገኝም «አላውቀውም» አለ። አውቀዋለሁ የሚል ወረቀት ስለሌለ ነገሩ እዚያው ቀረ።

ስለዚህ ገና ለመጣችሁ ልጆቼና ወንድሞቼ እንዲህ እላለሁ። በግፊት ውሃ የተወጋ ቆዳ ቀዳዳው የቱንም ያህል ትንሽ ቢሆን ውስጡን ስለሚጎዳ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ነው፤ ነገ የለም። አስቸኳይ ከሆነ 112 ይደወላል። የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ሰውም ቢሆን ከሐምሌ 2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሊቆይ የማይችል ሕክምና የማግኘት መብት በሕግ አለው፤ ፈርታችሁ ቤት አትተኙ። መነጽር፣ ጓንትና መሣሪያ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ እንጂ የእናንተ ወጪ አይደለም። የሠራችሁበትን ቀንና ሰዓት፣ አድራሻውንና የተላከላችሁን መልእክት አስቀምጡ፤ ክፉ ቀን ሲመጣ የሚመሰክርላችሁ እሱ ብቻ ነው።

በረኪናን ደግሞ ከአቼቶም ሆነ ከአሞኒያ ጋር አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጭስ ሳንባ ያቃጥላል። ብቻውንም ቢሆን አበባውን ያደርቃል፣ ምስማሩን ያዝገዋል። የምታጥቡበት ውሃም የሆነ ቦታ ይሄዳል። በመንገድ ዳር ባለው የዝናብ ውሃ ቀዳዳ የገባ ብዙውን ጊዜ ሳይጣራ ወደ ቅርቡ ሐይቅ ይወርዳል። ከሐይቆቹ አንዱ ሜላረን ነው፤ ስቶክሆልም የሚጠጣው ደግሞ ከሜላረን ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. በጋ ድርቅ በሆነ ጊዜ በብዙ ኮሚዩኖች በጎማ ውሃ ማጠጣት ተከልክሎ እንደነበር አትርሱ። ባልዲና ብሩሽ ያኔም አላፈሩም።

* የእኛ ሰው አጥር *

አሁን ደግሞ ስለ ራሳችን። ስዊድን በ1965 እና በ1974 እ.ኤ.አ. መካከል አንድ ሚሊዮን ቤት ስትሠራ እንደ ሪንከቢ፣ ቴንስታ፣ ሁስቢና አካላ ያሉ ሰፈሮች ተወለዱ። ብዙዎቻችን የመጀመሪያ ቁልፋችንን የተቀበልነው እዚያ ነው። ከእኛም መካከል ጥቂት የማይባሉ ኋላ ራድሁስ ገዙ፤ ማለትም ጎን ለጎን የተጣበቀ፣ ትንሽ ጓሮና አጥር ያለው ቤት። ቤቱ ውስጥ ስትገቡ ወለሉ ይጸዳል፣ መሶቡ ያበራል፣ ቡናው ይሸታል። አጥሩ ግን ጠቁሮና አረንጓዴ ለብሶ ወደ ጎረቤት ያዘነብላል።

ይህ ስንፍና አይደለም። እኛ አንድ እግራችን ቦሌ፣ አንድ እግራችን አርላንዳ የሆንን ሰዎች ነን። «ዘንድሮ እንገባለን» ሲባል ስንት ዘንድሮ አለፈ? ለሚሄድበት ቤት አጥር የሚያጥብ ማን ነው? ደግሞም የእኛ ትውልድ አጥርን የሚያውቀው በሌላ መንገድ ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ አጥር ማለት ሌሊት በር ሲደበደብ የሚዘለል ነገር ነበር። ዘሎ የዳነ አለ፤ ከቆርቆሮው ላይ የቀረም አለ። የስዊድን አጥር ደግሞ እስከ ወገብ ነው፤ አይደብቅ፣ አያስጥል። በዚህ አገር በሰው ጫካና ሜዳ ማለፍ የሁሉም መብት ነው፤ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮም በሕገ መንግሥቱ ሰፍሯል። ታዲያ አጥራቸው ምን ሊጠብቅ ቆመ? ስንል ኖረናል።

አንድ በዕድሜ የሚበልጡኝ የቀድሞ መኮንን አሉ። ጋሼ እላቸዋለሁ። ሃያ ዓመት ሊሞላው ጥቂት በቀረው ራድሁሳቸው የአጥሩን ነገር ባነሣሁባቸው ቁጥር «ተወው፣ ለሚመጣው ገዢ ይሁን» ይሉኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ ባልዲዬን ይዤ ሳልጠራ ሄድኩ። መጀመሪያ ቆመው አዩኝ፤ ቀጥለው ወንበር አወጡ፤ ከዚያም እጅጌያቸውን ሰብስበው ብሩሽ ተቀበሉኝ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከአረንጓዴው ሥር የቀድሞው ባለቤት የቀባው ፈዛዛ ሰማያዊ ብቅ አለ። ጋሼ ብሩሹን ይዘው ቆሙ። «ሰማያዊ ኖሯል ለካ!» አሉ። ያን ያህል ዘመን የኖሩበትን ቤት አጥር ቀለም አያውቁትም ነበር። ሌላ ነገር አልተናገሩም፤ እኔም አልጨመርኩ። ከአጥሩ ማዶ ጎረቤትየዋ ቡና በቴርሞስ ይዛ መጣች። እስከዚያ ቀን በእጅ ሰላምታ ብቻ ይተዋወቁ ነበር፤ ያን ቀን ስም ለስም ተዋወቁ።

ከዚህ የተነሣ አንድ ምክር አለኝ። አብዛኛው የራድሁስና የመኖሪያ ቤቶች ማኅበር በጸደይና በመከር «ስቴድዳግ» የሚባል የጽዳት ቀን አለው። ጎረቤት ሁሉ ይወጣል፣ ቅጠል ይጠርጋል፣ አጥር ያጥባል፣ ኋላ ቋሊማ ይጠበሳል። የእኛ ሰው ወረቀቱ በፖስታ ሳጥኑ ሲገባለት ማስታወቂያ መስሎት ይጥለዋል። ወገኖቼ፣ ይህ ደቦ ነው! ጠላ የሌለበት ደቦ። የአጥሩ ቀለም ምን መሆን እንዳለበት የሚወስነው ብዙውን ጊዜ ማኅበሩ ነው፤ የጋራ የሆነውን አጥር የጎረቤትን ፊት ሳያስፈቅዱ መንካትም ጠብ ያመጣል። ይህ ሁሉ በዚያ ቀን በአንድ ሲኒ ቡና ያልቃል። ያልወጣ ሰው ግን ስሙ የሚነሣው ቅሬታ ሲጻፍበት ብቻ ነው።

አጥር ያጠበ ሰው አገሩን ረሳ ማለት አይደለም። ጋሼም ዛሬ አገራቸውን አልረሱም፤ ዜናውን ከእኔ ቀድመው ይሰማሉ። የሚኖሩበት ቤት ሲበሰብስ ዝም ብሎ ማየት ግን ለአገር የሚከፈል ዕዳ አይደለም። አገር ቤትስ ብንሆን ክረምት ሳይገባ አጣናውን እንተካ አልነበረም?

እንግዲህ ከመጪዎቹ የግንቦት ቅዳሜዎች አንዱን ምረጡ። ማሽኑን ለጎረቤት መልሱ፤ ባልዲ፣ ሶፓ፣ ብሩሽ፣ ጓንትና መነጽር አዘጋጁ። በመጀመሪያ በማይታየው ጥግ አንድ መዳፍ የምታህል ቦታ ሞክሩ፤ ደርቃ ደህና ከሆነች ቀጥሉ። ከሁሉ አስቀድማችሁ ግን ዳስሱት። ቸር ይግጠመን።